የዘፈን አቤቱታ፦ አዳማና አካባቢዋ

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የባቡር ከተማ ናት። ከምሥራቅ ወደ መሀል አገር የሚመጣው መንገደኛ በእሷ በኩል ያልፋል። የሐረርጌ፣ የአርሲና የሸዋ ዜማም እንዲሁ። ሰርግ ላይ ኦሮምኛውና አማርኛው እየተፈራረቀ ይጨፈራል።

በዚህ አካባቢ በደልን በዜማ አደባባይ ማውጣት የቆየ ነገር ነው። በጎረቤት በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጭን በትር ነው፤ ያገባች ሴት የመብቷ ምልክት። ባል በተለይ አራስ ሚስቱን ከመታ፣ ሴትየዋ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች የጀመሩትን ሥራ ጥለው፣ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ። ከቤት ርቀው ተሰብስበው በዳዩን በዜማ ይወቅሳሉ። ላም የሚያልብ ይጠፋል። ልጅ ያለቅሳል። ወንዶቹ ሲጨንቃቸው ሽማግሌ ይልካሉ፤ ጥፋተኛው ተቀጥቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ሴቶቹ ይመለሳሉ። ማይክ የለ፣ መድረክ የለ። ግን እንደዚህ ውጤት ያለው ዘፈን ብዙ አላውቅም።

ጌራርሳ የሚባል የኦሮሞ የፉከራ ዜማም አለ። ድሮ አዳኝና ጀግና ይፎክርበት ነበር። በኋላ ብሶትና የፖለቲካ ጥያቄ ገባበት።

ወደ ዘመናዊው የኦሮምኛ ሙዚቃ ስንመጣ መነሻው ድሬዳዋ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወጣቶች አፍረን ቀሎ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ያኔ ኦሮምኛ በትምህርት ቤትም በመድረክም ቦታ አልነበረውም። ልጆቹ ሰርግ ላይ ዘፈኑ። ብልህነት ነበር፤ ሰርግ ላይ ሕዝቡ ራሱ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ግን ቡድኑ ታገደ።

አሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው። ሲቀላቀላቸው ገና ልጅ ነበር። በኋላ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፈነ። ብዙዎቹ ዘፈኖቹ የፍቅር ናቸው። በኦሮምኛ መዝፈን ብቻውን በሚያስጠይቅበት ጊዜ ግን የፍቅር ዘፈንም የመብት ጥያቄ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው ድሬዳዋ ነው።

ከእሱ በኋላ በመጣው ትውልድ ውስጥ የአምቦው ሃጫሉ ሁንዴሳ ስም ቀድሞ ይነሳል። በ17 ዓመቱ ታስሮ ወደ 5 ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆይቷል። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለተፈናቃዮች ገቢ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ያቀረበው ጌራርሳ በቀጥታ ሥርጭት ተላልፎ አገር አዳርሷል። ድፍረቱ ዛሬም ይገርመኛል፤ በሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች በተቀመጡበት ነው ጥያቄውን ያነሳው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ግድያውን ተከትሎ በተነሳው ሁከት በብዙ ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፍቷል። አዳማም አልዳነችም፤ ብዙ ቁስለኞች ሆስፒታሏ ገብተዋል፣ የሞቱም ነበሩ።