የኅዳግ ጽሑፍ ምንድን ነው? የወሎ አያት ቅድመ አያቶችን በብራና ዳር መፈለግ

ብራና ውድ ነው። ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ የሚዘጋጅ ስለሆነ ባዶ ቅጠሉም ዳሩም አይባክንም። የቤተ ክርስቲያን ወንጌል የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾቹ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ እርቅና የንብረት ዝርዝር ተጽፎ የሚገኘው ለዚህ ነው። የኅዳግ ጽሑፍ የሚባለው ይኸው ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ የ13ኛው መቶ ዘመን ወንጌል ላይ ለምሳሌ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል።

ወንጌል ላይ የሚጻፈው ደግሞ ማንም እንዳይደፍረው ነው። «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» ተብሎ ውግዘትም ይታከልበታል። ቢሆንም የሚደፍር አይጠፋም። መጽሐፉን ወደ ብርሃን ዘንበል ብታደርጉት የቀድሞው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባበት ሻካራ ቦታ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። «እገሌ የእገሌ ልጅ» እያለ ሰባት ቤት የሚቆጥር ጽሑፍ አትጠብቁ። ሰው እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ሲሸጥ፣ ሲገዛ፣ ዋስ ሲሆን ወይም እማኝ ሲቆም ነው። የዘር ፈላጊ ትልቁ ሲሳይም እነዚህ ዋሶችና እማኞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ናቸውና።

ዘመኑስ? ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ። «በዘመነ ማርቆስ፣ በንጉሣችን በዮሐንስ፣ ወለተ ማርያም ለገብረ ሥላሴ መሬት ሸጠች» የሚል ገጠማችሁ እንበል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉት 2 ከተረፈ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ንጉሡ አራተኛው ዮሐንስ ከሆኑ (ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም.) ያሉት አማራጮች 1866፣ 1870፣ 1874 እና 1878 ብቻ ናቸው። የደብሩ አለቃ ስም ካለበት ደግሞ ይበልጥ ይጠባል።

ወሎ ላይ የሚያስቸግረው ስሙ ነው። መጽሐፉ የሚያውቀው የክርስትና ስም ነው፤ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ግን ይማም፣ ይመር ወይም አሊ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ከጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎው መሪ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተብለዋል፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ስሙ እንዲህ የተለወጠ ተራ ሰውም ብዙ ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዞ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ እናት አባትን፣ አያትን፣ በተለይም አሮጊቶችን ጠይቁ፦ መሬቱ የት ነበር? ደብሩስ የትኛው ነው? የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ካለ ደግሞ እሰየው።

ቅድመ አያቱ ሙስሊም የሆነ ሰው ፍለጋውን ወደ መስጊድና ወደ ሼሆች ቤት ያዙረው። በዓረብኛ ኪታቦች ላይም የባለቤትነትና የወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት) ማስታወሻ ይገኛል። የወሎ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቤት ማንኳኳት አይቀርለትም።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ፤ ፎቶ ማንሳትም በፈቃድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ኢንተርኔት ላይ ሞክሩ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ ሚኒሶታ፣ አሜሪካ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ድረ ገጹ ላይ ፈልጉት፤ የሐይቁ ወንጌል በቁጥር 1832 ተመዝግቧል።