የእምቦጭ ነቀላ ምንድን ነው?

የእምቦጭ ነቀላ ማለት በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን መጤ አረም ከነሥሩ አውጥቶ፣ የክረምት ሙላት ከማይደርስበት ቦታ ወስዶ ማድረቅና ማስወገድ ነው። ብዙ ዘመቻ የሚከሽፈው መንቀሉ ላይ ሳይሆን ከነቀላው በኋላ ነው።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ከአካባቢው ገበሬ ጋር ነቅለዋል። እናቲቱ ተክል በውሃው ገጽ አግድም ሐረግ ዘርግታ ልጆች ታበቅላለች፤ ሙቀትና ምግብ ካገኘች በሁለት ሳምንት እጥፍ መሆን አያቅታትም።

ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። አረሙ ገና ስለሚንሳፈፍ በገመድ ከብቦ ወደ ዳር መጎተት ይቻላል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ላይ ከተቀመጠ ግን ሥር ይሰዳል፣ ዘሩንም ያራግፋል። ሲነቀል ቅጠሉን ይዞ መሳብ ከንቱ ድካም ነው፤ ዘንጉ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ቀጭ ብሎ ይቀራል፣ የሚያቆጠቁጠው እንብርት ከነሥሩ ውሃ ውስጥ ይተርፋል። እጅ ከሥር ገብቶ እንብርቱን መጨበጥ አለበት። ቦት ጫማና ጓንት የግድ ነው፤ ቢልሃርዝያም አልቅትም አለ።

ከዚያ በመንሽ እየተዛቀ በሸራ ወይም በቃሬዛ ይጓጓዛል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ 10 ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ ከ1 ኩንታል አያልፍም። ስለዚህ ሸክሙ ይከብድና ሰው ዳር ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ በቀጣዩ ክረምት ሐይቁ መልሶ ይወስደዋል። ሲሰጣ ስስ ይሁን፣ ይገላበጥ። ወፍራም ክምር ላዩ ደርቆ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የደረቀው ይቃጠላል። አበባ ያወጣውን ማሳ ላይ መበተን አያዋጣም።

ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ ውሃ በሸሸ ቁጥር ይበቅላል። ስለዚህ የጸዳውን ዳርቻ በየሁለት ሳምንቱ እየዞሩ ቡቃያውን ሳያብብ መልቀም ያስፈልጋል። ይህ ካሜራ የማይመጣበት ሥራ ነው፣ ውጤቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ማሽን ለጥልቅ ውሃ ይረዳል፤ ጥልቀት ወደሌለው ዳር አይጠጋም፣ የቆራረጠው ካልተለቀመም ቁራጩ ራሱ ተክል ይሆናል።

በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ወደ ጣና የሚገባው ደለልና የማዳበሪያ እጣቢ እስካለ ድረስ ለአረሙ ምግብ አይጎድልበትም። ደለሉን ከሚያጠልሉት አንዱ በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ነው፤ ከእምቦጭ ጋር አብሮ እንዳይመነገል ነቃዮቹ አስቀድመው ይነገራቸው።