የፖሊስ ካሜራ እና ፊታችን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ምሰሶ ላይ አዲስ ካሜራ ከታየ ወሬው ማታውኑ ከተማውን ይዞራል። አንዱ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማን የት እንደገባ በስም ይታወቃል» ይላል። ሌላው «ተወው ባክህ፣ ለታይታ ነው» ይላል። ሁለቱም ቅንጣት ጥርጣሬ የላቸውም። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ መንገዶቿ ላይ ካሜራ ስትተክል ደግሞ «ነገ እኛ ጋርም ነው» የሚለው ወሬ ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት መሰማት ጀመረ።

ፊትን በኮምፒውተር መለየት በሌላው ዓለም ፖሊስን፣ ከንቲባዎችን፣ ምክር ቤቶችንና ፍርድ ቤቶችን ሲያነታርክ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ በግምት መከራከር አያስፈልገንም። በብዛት የምሰማቸውን ላንሳ።

«ካሜራ ካለ ፊቴን ያውቀዋል»

አያውቀውም። ካሜራ የሚያየውን ይቀርጻል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ሱቅ፣ ባንክና ሆቴል በር ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ተራ ሴኩሪቲ ካሜራዎች ናቸው። የቀረጹትን መቅረጫው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን አጥፍተው በላዩ ላይ አዲሱን ይቀርጻሉ።

ፊት መለየት ሌላ ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ ፊቱን ከምስሉ ነጥሎ ያወጣል፣ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ከዚያ ቀድመው ከተቀመጡ ፊቶች ጋር ያስተያየዋል። ቀድሞ የተቀመጠ ፊት ከሌለ የሚያስተያየው ነገር የለውም። ስለዚህ ካሜራም፣ ሶፍትዌርም፣ የፊቶች ዝርዝርም ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ካሜራው ነው፤ ከባዱ ነገር ግን ዝርዝሩ ነው። ውስጡ ማን አለ? ማን አስገባው? በስህተት የገባን ሰው ማን ያወጣዋል?

«ስልኬም ፊቴን አይቶ ይከፈት የለ» የሚልም አለ። ስልኩ የሚጠይቀው «ይህ ባለቤቴ ነው ወይ?» ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚተከለው ግን «ይህ ከእነዚህ ሺህ ሰዎች መካከል ማንኛው ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የሚመሳሰል ሰው ይበዛል።

«ፋይዳ ያወጣ ሁሉ ካሜራ ውስጥ ገብቷል»

ለፋይዳ ስንመዘገብ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይን አይሪስ እና የፊት ፎቶ እንሰጣለን። መታወቂያው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። አሻራና አይሪስ የሚወሰደው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው። ፎቶ መስጠት እና የመንገድ ካሜራ ከዚያ ፎቶ ጋር መገናኘቱ ለየቅል ናቸው። በራሱ አይገናኝም፤ ሰው ወስኖ ነው የሚያገናኘው።

ይህ ማለት ግን ስጋቱ ከሜዳ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ፎቶ ለሌላ ሲውል በሌላ አገር ታይቷል። በሚቀጥለው ታሪክ ሰውን ያሳሰረው የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ነው።

«ማሽን አይሳሳትም፣ አያዳላም»

ይሳሳታል። የሚሳሳተውም ሁሉም ላይ እኩል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ አሜሪካ ዲትሮይት አጠገብ፣ ፖሊሶች አንድን ጥቁር አባወራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሚስቱና ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቹ እያዩ በካቴና አሰሩት። ከአንድ ዓመት በላይ በፊት ከአንድ ሱቅ ሰዓቶች ተሰርቀው ነበር። የሱቁ ካሜራ የቀረጸው ምስል ደብዛዛ ነው። ሶፍትዌሩ ያንን ምስል ከመንጃ ፈቃድ ፎቶዎች ጋር አስተያይቶ የሰውየውን አሮጌ ፎቶ አወጣ። ምርመራው ላይ ፎቶውን ሲያሳዩት ወረቀቱን አንስቶ ፊቱ አጠገብ ያዘው። አይመሳሰሉም። ቢሆንም 30 ሰዓት ያህል ታስሮ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማዋ 300,000 ዶላር ልትከፍለው ተስማማች። ፖሊስም በዚህ ሶፍትዌር ውጤት ብቻ ሰው ላለማሰር ደንብ ገባ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሶፍትዌሩ «ይህ ነው» አይልም። የሚመሳሰሉ ሰዎችን ደርድሮ ያቀርባል። «ይህ ነው» ያለው መርማሪው ነው። በወቅቱ የዲትሮይት ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ጄምስ ክሬግ ራሳቸው ሶፍትዌሩ ብቻውን ቢሠራ 96 በመቶ ያህል ይሳሳታል ብለዋል። ይህን ያለው ተቃዋሚ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው!

ቆዳችንስ? አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት የሦስት ኩባንያዎች ሶፍትዌር ተፈትኗል። ሥራው የሰውን ጾታ ከፊቱ መገመት ብቻ ነበር። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም 189 ሶፍትዌሮችን ፈተሸ። አንዱን ሰው ሌላ ሰው ነው ማለት በብዛት የታየው በምዕራብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ፊት ላይ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት እኛ ነን። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ የተሻሉት ሶፍትዌሮች ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ «የትኛው ሶፍትዌር ነው የተገዛው?» ብሎ መጠየቅ ተራ ጥያቄ አይደለም።

ጥሩው እንኳ ብዙ ሕዝብ ፊት ሲቆም ይቸገራል። ለምሳሌ በገበያ ቀን 20,000 ሰው በአንድ ካሜራ ፊት አለፈ እንበል። ሶፍትዌሩ ከሺህ አንዴ ብቻ ቢሳሳት 20 ንጹሕ ሰው «ተፈላጊ» ይባላል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ተፈላጊዎች ግን ሦስትና አራት ሊሆኑ ይችላሉ፣ እነሱም ያን ቀን ገበያ አልወጡ ይሆናል። ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደረግ የፖሊስ ሶፍትዌር 2,470 ጊዜ «አገኘሁ» አለ። 2,297ቱ ስህተት ነበር።

«ስለዚህ ምንም አይጠቅምም»

ይህም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ አናፖሊስ ውስጥ አንድ ሰው ጋዜጣ ቢሮ ገብቶ አምስት ሰው ገደለ። ተይዞ ስሙን አልናገርም ሲል ማንነቱ የታወቀው በዚሁ ቴክኖሎጂ ነው። ሰውየው እጅ ላይ ነበር፣ ወንጀሉም የታወቀ ነበር። ይህ መንገደኛውን ሁሉ ከመቃኘት በጣም ይለያል።

«በጋቢ ከተከናነብኩ አያገኘኝም»

የደብረ ብርሃን ብርድ በዚህ ካሜራ ላይ ያሸነፈ ይመስለናል። በኮቪድ ጊዜ ማስክ ሲበዛ ሶፍትዌሮቹ በእርግጥ ተደናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይንና ቅንድብ አካባቢን ይዘው መለየት ተምረዋል። ጋቢው ለብርዱ ይሁን።

«ምንም ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ይህ አባባል ጥፋት ምን እንደሆነ ሁሌም አንድ ዓይነት መልስ እንዳለው ያስባል። ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሰው የመንግሥት ተቃዋሚ የሆነ ሌላ ሰውን የሚያሳይ የካርቶን ምስል ይዞ ብቻውን በሜትሮ ተሳፈረ። አልጮኸም፣ አልሰበረም። ፖሊስ ማንነቱን በፊት መለያ አጣርቶ፣ እዚያው ሜትሮ ውስጥ ይዞ አስቀጣው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት መብቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደለት። አራት ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ኬላ ላይ መታወቂያ ማሳየት ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ጥፋት ሳይኖርብህም ልብህ ይመታል፣ ምክንያቱም ወረቀቱን የሚያየው ሰው ምን እንደሚፈልግ አታውቅም። እኛ ጋር ሹም ሽር ብርቅ አይደለም። ዛሬ ወረዳውን የሚመራው ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ ነው። ዝርዝሩ ግን ቢሮው ውስጥ ይቀራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባልበት አገር ላይ የሰው ፊት ዝርዝር ያለ ጠባቂ ማስቀመጥ ለተረኛው ሁሉ ገበታ መዘርጋት ነው። በመሬት ክርክር ወይም በቀበሌ ኩርፊያ የተቀየመህ ሰው ያን ወንበር ሲይዝ «ምንም አላጠፋሁም» የምትለው ለማን ነው?

«ይህ የፖሊስ የቴክኒክ ሥራ ነው፣ ፖለቲካ የለበትም»

እኔ ከሁሉም በላይ የተሳሳተው ይህ ነው ባይ ነኝ። ይህ ነገር የገባበት ከተማ ሁሉ የሥልጣን ትግል ገብቶበታል።

ሳን ፍራንሲስኮ የቴክኖሎጂ ሰዎች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ምክር ቤቷ በ8 ለ 1 ድምፅ ፖሊስ ይህን ቴክኖሎጂ እንዳይጠቀም ከለከለ። በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ ፖሊስን የሚቆጣጠረው ቦርድ በዚሁ ጉዳይ በተወጠረ ስብሰባ ላይ ሳለ አንድ የቦርድ አባል በፖሊስ ተይዞ ከአዳራሽ ወጣ። ሰውየው ፖሊስን እንዲቆጣጠር በሕዝብ የተመረጠ ነው። በኋላ ቦርዱ ቴክኖሎጂውን ፈቀደ፣ ነገር ግን በመንገድ ላይ በቀጥታ ሰውን መቃኘትን ከለከለ።

ኒው ኦርሊንስ ይብሳል። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከለከለ። በ2022 ወንጀል ጨመረ ተብሎ በገደብ ፈቀደ። በ2025 ግን ጋዜጠኞች ሌላ ነገር አወጡ። አንድ የግል ድርጅት ከ200 በላይ ካሜራዎች ሲቃኝ፣ ተፈላጊ ሲመስለው የፖሊሶች ስልክ ላይ መልእክት ሲልክ ኖሯል። ምክር ቤቱ ያወጣው ገደብ ለፖሊስ ነበር፤ ካሜራው ግን የፖሊስ አይደለም። በዚህ መሃል የፖሊስ አዛዧ መልእክቱን አስቆሙ።

ገንዘቡም ፖለቲካ አለው። ዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረችው ፕሮግራም ነጋዴዎች በራሳቸው ወጪ ካሜራ ያስገባሉ፣ ምስሉ በቀጥታ ፖሊስ ጋ ይደርሳል፣ በራቸው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። «ያልከፈለውስ ሲደውል ፖሊስ እኩል ይመጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። እኛም አገር የሰፈር ካሜራ በነጋዴዎች መዋጮ ይገዛ ቢባል ማንም አይደነቅም። ገዢው አንድ፣ ጠባቂው ሌላ፣ ምስሉን የሚጠይቀው ሦስተኛ ሲሆን አለቃው ማነው? ከተማ አስተዳደሩ? ዞኑ? የክልሉ ፖሊስ? ፌዴራል?

የዌልሱን ፖሊስ ጉዳይ ያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ጣቱን ያሳረፈው እዚህ ላይ ነው። ማን ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ካሜራውስ የት ይቆማል የሚለው ለፖሊሶቹ ፈቃድ ብቻ ተትቷል አለ። ለዚህም ጭምር አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው ተባለ።

«እኛ አገር ስለዚህ ሕግ የለም»

አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር እና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ባዮሜትሪክ መረጃ በዚህ አዋጅ ለየት ያለ ጥበቃ የሚሰጠው ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሚጎድለው ሕጉን ይዞ የሚጠይቅ ሰው ነው። የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ «ካሜራ» የሚል መስመር ካለ ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነና ምስሉ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ መጠየቅ የምክር ቤት አባል ሥራ ነው።

«የሱቄ ካሜራ የራሴ ጉዳይ ነው»

የዲትሮይቱ መከራ የጀመረው ከሱቅ ካሜራ ነው። እስቲ የመቅረጫችሁን ስክሪን ዛሬ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥግ ላይ 01:15 ይላል እንበል። ምስክሩ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ነው» ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ያላስተዋለ ሰው ግን የምስክሩን ሰባት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ 19:15ን፣ ማለትም የምሽቱን 1 ሰዓት ከሩብ ከፍቶ በዚያ ሰዓት ዳቦ ሊገዛ የገባውን ጎረቤት ያገኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ የአንዳንዱ መቅረጫ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ምስል ፊት መለያ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚወጣ አስቡት።

ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ። ካሜራው የራሳችሁን በር እንጂ የጎረቤትን ግቢ አይይ። ምስል የጠየቀ ሁሉ በጽሑፍ ይጠይቅ። ለማን፣ የየትኛውን ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ደብተር ላይ አስፍሩና አስፈርሙ። የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።