«ቤቱን አሳድሼዋለሁ፣ ምን ይበላሻል?»

ሊደታና ግንፍሌ አካባቢ፣ ባለቤቶቻቸው ውጭ ያሉ ኮንዶሚኒየሞችን በውክልና አከራያለሁ። ኪራይ እሰበስባለሁ፣ የተበላሸውን አስጠግናለሁ። የጥገና ብር በጠየቅኩ ቁጥር ከባለቤቶቹ የምሰማቸው መልሶች ግን ሁሌም እነዚያው ናቸው። ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

«ኪራዩ በ12 ሲባዛ የዓመት ገቢዬ ነው።» አይደለም። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤቱ ባዶ ይቆያል፣ ቀለም ይቀባል፣ ደላላ ይከፈላል። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ ግብርም አለ።

«ብልሽት የተከራዩ ነው።» የሰበረውን ይክፈል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ግን የእናንተ ነው።

«ወጪ ቢመጣ ኪራይ እጨምራለሁ።» በፈለጉ ጊዜ መጨመር ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉን ቢያንስ ሁለት ዓመት አድርጎታል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ለፈነዳ ቧንቧ ከተከራይ ኪስ የምታመጡት ብር የለም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «አሳድሼዋለሁ» የሚለው ነው። ማሳደስ ማለት ለብዙው ሰው የሚታየውን ማሳመር ነው፤ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የኩሽና ካቢኔት። ቤትን የሚበላው ግን ውሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ተከራይ ቧንቧ ከፍቶ ሲያጣ ሳይዘጋው ይወጣል፣ ሌሊት ውሃው ሲመጣ ቤቱን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል።

አምና ክረምት ሊደታ አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ቤቱን ካሳደሰው ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከሥር ያሉት እማማ ደውለው ጠሩኝ። ስገባ ምድጃቸው አጠገብ ቢጫ ጄሪካን አስቀምጠው ጠብታ ይቀበላሉ። ጣሪያቸው አብጧል፤ በመጥረጊያ እንጨት ነካ ሳደርገው ልስኑ ትከሻዬ ላይ ተራገፈ። ላይ ወጥተን ስናስቆፍር ሻወሩ ሥር ያለች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የቧንቧ መገጣጠሚያ ናት የምታፈሰው። ያን የሚያምር ሴራሚክ ያነጠፉት ውሃ መከላከያ ሳይቀቡ ነው።

ለባለቤቱ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ነው ያሳደስኩት!» አለኝ። ብሩን እስኪልክ ሁለት ሳምንት ሄደ። እስከዚያ ውሃው የእማማ ሶኬት ውስጥ ገባና መብራታቸው ጠፋ። በአንድ ቀን ሥራ የሚያልቀው ነገር የሁለት ቤት ልስን፣ ቀለምና የኤሌክትሪክ ሥራ ሆነ። ተከራዩም ለቆ ወጣ። እኔን ያመመኝ ግን እማማ በሰው ቤት ጥፋት በጨለማ ማደራቸው ነው።

እና እባካችሁ፣ ኪራዩ እንደገባ ከአሥር አንዱን ለብቻው የባንክ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጡ። ኪራዩ 25,000 ከሆነ 2,500 ማለት ነው። ያረጀ ቤት ከሆነ እጥፍ አድርጉት። ያንን ብር ለሰርግም ለበዓልም አትንኩ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ያለው ሰው ሳይደውል ሊያወጣው የሚችለውን መጠን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሌሊት ቧንቧ ሲፈነዳ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ።

ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቧንቧ ሠራተኛና ኤሌክትሪሺያን ወደ ቤቱ ላኩ። ሮቶው፣ ፓምፑ፣ የሻወሩ ሥር ይታይ። ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬት በተለይ አስዩ። ፕላስቲኩ ከጠቆረ በዚያው ቀን ይቀየር።