የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃን «መነካካት» ምንድን ነው?

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ስለ ጭስ ሕግ ሲሰማ ቀድሞ የሚያሠጋው «መኪናህን እንደ አዲሱ ንጹሕ አድርገህ አምጣ» እባላለሁ የሚለው ነው። ሕጉ በመሠረቱ የሚጠይቀው ግን ይህን አይደለም። በአሜሪካም ሆነ በብሪታንያ አንድ መኪና በአብዛኛው የሚዳኘው በተሠራበት ዘመን መለኪያ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃ ተገጥሞለት ከነበረ፣ ዕቃው ዛሬም በቦታው ሆኖ ሥራውን እንዲሠራ ይጠበቃል። በአሜሪካው የንጹሕ አየር ሕግ «መነካካት» የሚባለው እንግዲህ ይህን ዕቃ መንቀል ወይም ሥራውን እንዳይሠራ ማድረግ ነው፤ ቱቦውን መድፈንና ሽቦውን ማለያየትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ዕቃዎች ቀድሞ የመጣው የሞተሩን ውስጣዊ ጋዝ ወደ ማቃጠያው የሚመልሰው ትንሽ ቫልቭ ነው። ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ጥቂቱ ጋዝ በፒስተን ቀለበቶች ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ክፍል ይወርዳል፤ በድሮ ሞተሮች ይህ ጋዝ በቱቦ በቀጥታ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። በአሜሪካዋ ግዛት በካሊፎርኒያ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ጋዙን መልሶ የሚያስቃጥለው ቫልቭ ከ1961 ሞዴል ጀምሮ መገጠም ጀመረ። ቫልቩን ነቅለው ሲነቀንቁት ውስጡ ቀጭ ቀጭ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ዝም ካለ ግን በዘይት ዝቃጭ ተይዟል ማለት ነው። መቀየሩ ቀላል ሆኖ ሳለ «የማያስፈልግ ቱቦ» ተብሎ ሲደፈን ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም መውጫ ያጣው ጋዝ በዘይቱ ክፍል ውስጥ ይታመቅና ዘይቱን በጎሚኒዎቹ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ባለቤቱ ጎሚኒ እየቀየረ ይቆያል እንጂ የደፈነው ቱቦ ትዝ አይለውም።

ይበልጥ የሚነቀለው ግን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። ይህ ዕቃ በሞተሩና በማርሚታው መካከል፣ በጭስ መስመሩ ላይ የሚቀመጥ የብረት ቆርቆሮ ሲሆን፣ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ በጣም በስሱ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ነው። ጭሱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ይህ የሚሆነው ግን ዕቃው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከጋለ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሞተር እንደተነሣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወጣው ጭስ ከሁሉ የከፋው ነው።

የአሜሪካ የ1970 ሕግ ብክለቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንስ ስላዘዘ፣ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ኮንቨርተር ተገጠመላቸው። ያን ጊዜ ቤንዚን እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ እርሳስ ደግሞ የፕላቲኒየሙን ገጽ ሸፍኖ ኮንቨርተሩን ይገድለዋል። ስለዚህ እርሳስ የሌለው ቤንዚን መቅጃ አፍንጫው ቀጭን እንዲሆን፣ የአዳዲሶቹ መኪኖች መሙያ አፍም ያንኑ ብቻ እንዲያስገባ ሆኖ ጠበበ። አንዳንድ ሰዎች እርሳስ ያለበትን ርካሹን ቤንዚን ለመቅዳት ይህን ጠባብ አፍ በመሣሪያ ያሰፉት ነበር። ሞተሩ ሳይነካ፣ ከጭስ መስመሩ አንዲት ብሎን ሳትፈታ፣ አንድ ቀዳዳ በማስፋት ብቻ የመኪናው የጭስ መቆጣጠሪያ ይበላሽ ነበር።

ሦስቱን መርዞች በአንድነት የሚያጠፋው ኮንቨርተር የሚሠራው አየርና ቤንዚኑ በክብደት 14.7 ለ1 አካባቢ ሲመጣጠኑ ነው። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በጭስ መስመሩ ላይ የሚገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር ሲሆን፣ ቮልቮ በ1977 ሞዴል ለካሊፎርኒያ ባቀረባቸው መኪኖች ላይ ቀድሞ አውጥቶታል። ካርቡራተር ቀይሮ ወይም ሴንሰሩን ነቅሎ ኮንቨርተሩን ብቻ ማስቀረት እንግዲህ ዕቃውን በስም መተው ነው፤ ከመጠን በላይ ነዳጅ ሲደርሰው ሴራሚኩ እስከ መቅለጥ ይግላል። «ኮንቨርተሩ ሲነሣ ጉልበት ይጨምራል» የሚለው አባባልም መነሻ አለው፤ በ1970ዎቹ አንዳንዶቹ ኮንቨርተሮች በትናንሽ ሉል ድቡልቡሎች የተሞሉና ጭሱን የሚያንቁ ነበሩ። ለዛሬዎቹ ግን አባባሉ እምብዛም አይሠራም። ቀዳዳው የተደፈነ ኮንቨርተር በእርግጥ ሞተሩን ያፍነዋል፤ መፍትሔው ግን መቀየር ነው፤ ከመቀየሩም በፊት ያስደፈነውን ብልሽት ማግኘት ያስፈልጋል።

በአሜሪካው የንጹሕ አየር ሕግ ውስጥ ያለው የመነካካት ክልከላ በየደረጃው ሰፍቷል። በ1977 በተደረገው ማሻሻያ ጋራዦችም እንዳይነካኩ ተከለከሉ፤ በ1990 ደግሞ ክልከላው ማንኛውንም ሰው፣ የራሱን መኪና የሚነካካውን ባለቤት ጭምር እንዲያካትት ሆነ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በካሊፎርኒያ የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ከምርመራ ነፃ መሆን ግን የተገጠመውን ዕቃ ለመንቀል ፈቃድ አይደለም።

የብሪታንያ ዓመታዊ ምርመራ ዕድሜን መሠረት የማድረጉን ነገር በቁጥር ያሳያል። ከነሐሴ 1 ቀን 1975 በፊት መንገድ ላይ የወጣ የቤንዚን መኪና ጭሱ በዓይን ብቻ ይታያል፤ ከዚያ እስከ ሐምሌ 1986 መጨረሻ ለወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ ወሰኑ 4.5 በመቶ ነው፤ ከዚያ እስከ ሐምሌ 1992 መጨረሻ ለወጣው ደግሞ 3.5 በመቶ።

ይህ ሁሉ ሲባል አሮጌ መኪና ላይ ምንም ለውጥ አይደረግም ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ አንድ የተሻሻለ ዕቃ ብክለት እንደማይጨምር በግዛቲቱ የአየር ቦርድ ከተረጋገጠ የፈቃድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩም በምርመራ ጊዜ ይታያል። ሞተር መቀየርም ይቻላል፤ የሚገባው ሞተር ግን ከመኪናው ጋር በሞዴል ዓመት እኩል ወይም የበለጠ አዲስ መሆን፣ የራሱን የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎችም ሳይጎድሉ ይዞ መምጣት አለበት። ይህ ለእኔ ፍትሐዊ ደንብ ነው፤ የሠሪውን እጅ ሳያስር መኪናው ከነበረበት ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርጋል።

የራሱ መኪና በፋብሪካ ምን እንደተገጠመለት ማወቅ የሚፈልግ ባለቤት ኮፈኑን ከፍቶ ይመልከት። በአሜሪካ ገበያ በተሸጡ መኪኖች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹን የሚዘረዝር ጽሑፍ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ይለጠፋል፤ በብዙዎቹም ላይ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ አለ። መርማሪው በዓይኑ ሲፈትሽ መኪናውን የሚያነጻጽረው ከዚህ ጽሑፍ ጋር ነው።