ትንሿ መኪና፦ በዓይን የሚፈረደውና በሜትር የሚገኘው

ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ለሚያይ ሰው፣ አዲስ ትንሽ መኪና ሁለት ዓይነት ፍርድ ይጠብቃታል፤ «ፊቷ ሲያምር!» እና «ለዚህ አገር አትሆንም»። ሁለቱም የሚሰጡት በሯ ሳይከፈት ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አዲስ ትንሽ መኪና ማለት በአብዛኛው ከቻይና የመጣች ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። በቶዮታ ቪትዝና በሱዙኪ ዲዛየር የለመድነው ሚዛን እሷ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች በሻጭም በገዢም አፍ ይደጋገማሉ፤ አብዛኞቹን ለመፈተሽ አንድ የአናጢ ሜትር ይበቃል።

«ከውጭ ትንሽ ከሆነች ውስጧም ጠባብ ነው»

የውስጡን ስፋት የሚወስነው ከፓራውልት እስከ ፓራውልት ያለው ርዝመት አይደለም፤ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለው ርቀት ነው። ስንት ዓመት በሰማያዊና ነጭ ቀለም ያገለገለችን ላዳ 4.07 ሜትር ትረዝማለች፤ በጎማዎቿ መካከል ያለው ግን 2.42 ሜትር ነው። ዲኤክስ 2.40፣ ቮልስም 2.40። የቻይናዋ ኤሌክትሪክ ቢዋይዲ ሲጋል ጠቅላላ ርዝመቷ 3.78 ሜትር ሆኖ ሳለ በጎማዎቿ መካከል 2.50 ሜትር አላት። ከላዳ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያጠረች መኪና ለተሳፋሪ በምትተወው ቦታ 8 ሳንቲ ሜትር ትበልጣታለች።

ምክንያቱ የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ላዳ ላይ ሞተሩ በቁመቱ ተኝቶ፣ ካምቢዮው ከኋላው ተከትሎ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ደግሞ ወለሉን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። በዛሬዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ሞተሩ አግድም ተቀምጦ የፊት ጎማ ይነዳል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተርማ ከዚያም ያነሰ ቦታ ይዞ ያርፋል። ስለዚህ ጎማዎቹ ወደ አራቱ ማዕዘን ተገፍተዋል። አጭር አፍንጫ፣ ቆረጥ ያለ ኋላ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ የዚሁ ውጤት ናቸው። «ያላለቀች ትመስላለች» የሚባልላት መኪና የጎደላት ነገር የለም፤ ከኮፈኑ ተቀንሶ ለሰው ጉልበት ተሰጥቷል።

ይህ ሲባል ግን የኤሌክትሪኳ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል። ለጉልበት የፊት ለፊት ቦታ ቢተርፍም ጉልበት ወደ ላይ ይነሳና ጭን ከመቀመጫው ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ከቦሌ ሳሪስ ላይሰማ ይችላል፤ አዳማ ሲደረስ ወገብ ይናገራል። ሲጋል ደግሞ የተሠራችው ለአራት ሰው ነው፤ ኋላ ያለው የሁለት ሰው መቀመጫ ነው። ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ሳያይ መፈረም የለበትም።

ፈተናው ቀላል ነው። የቤቱ ረጅም ሰው የሾፌሩን ወንበር ለራሱ አስተካክሎ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወርዶ ወንበሩ ሳይነካ ከዚያው ኋላ ይቀመጥ። ጉልበቱና የፊቱ ወንበር መካከል የተጨበጠ እጅ ካልገባ፣ ወይም አናቱና ጣሪያው መካከል አራት ጣት ካልገባ፣ ብሮሹሩ የፈለገውን ይበል።

«የዲዛየር ጅራት አጭር የሆነው ንድፍ አውጪው ስላልቻለበት ነው»

ንድፍ አውጪው የቀረጥ ሕግ ነው የታዘዘው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ደንብ፣ ርዝመቷ ከ4 ሜትር ያልበለጠና የቤንዚን ሞተሯ ከ1,200 ሲሲ ያልዘለለ መኪና አነስተኛ ቀረጥ ትከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣችው የመጀመሪያዋ ዲዛየር 4.16 ሜትር ነበረች። በ2012 የመጣችው ሁለተኛዋ ተቆርጣ 3.995 ሜትር ሆነች። 5 ሚሊ ሜትር ብቻ አትርፋ ማለት ነው። እኛ ጎዳና ላይ «ቁርጥ ያለች» የምንላት ቅርጽ የኒው ዴልሂ የግብር ሠንጠረዥ ነው።

ቁርጧ ዕቃ መያዝ ግን አልከለከላትም። የ2017ቷ ዲዛየር ኋላዋ 378 ሊትር ይይዛል፤ እናቷ ስዊፍት 268። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል፤ ሊትሩ የበለጠ ሁሉ የተሻለ ዕቃ ጫኝ ይመስለናል። ሊትር የሆድ መጠን እንጂ የአፍ ስፋት አይነግርም። የጤፍ ጆንያ ተጣጥፎ ይገባል፤ ካርቶን ግን አይተጣጠፍም። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ደግሞ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መጓዝ የለበትም፤ ሲጋደም በግፊት ማስተንፈሻው በኩል ፈሳሹ ሊወጣ ይችላል። የሲሊንደሩን ቁመት ቤት ለክቶ፣ የመኪናዋን ኋላ ከወለሉ እስከ ክዳኑ መለካት ነው። የኋላ መቀመጫ ይታጠፍ አይታጠፍም እንደሆነም በእጅ ሞክሮ ማየት ይገባል። በጣሪያዋ ድረስ የምትከፈትና መቀመጫዋ የሚታጠፍ ባለ 268፣ መቀመጫዋ የማይታጠፍን ባለ 378 ብዙ ቀን ታስንቃለች።

«ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክና ፖርቶመጋላ ካላት ሆዷ አይነካም»

ከሁሉም ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው፤ መልክ ሥራን መስሎ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነውና። የጎማ ቅስት ዙሪያ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ መኪናዋን በዓይን ከፍ ያደርጋታል፤ ከመሬት ግን አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሳትም። ዲዛየር ከመሬት 163 ሚሊ ሜትር፣ ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶ 180 ሚሊ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ የአውራ ጣት ወርድ እንኳ የማይሞላ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ግን አንዷ የከተማ፣ ሌላዋ የገጠር ይመስላሉ።

በዚያ ላይ በወረቀት የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የባዶ መኪና ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ሲገባ 300 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ትንሽ መኪና በዚህ ጭነት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ልትወርድ ትችላለች። 15 ሳንቲ ሜትር የነበረችው 11 ቀረች እንበል። ሰፈር ውስጥ በነዋሪ መዋጮ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አራቱም ጎማ ሜዳ ላይ ሆኖ ጉብታው መሀል ሆዷ ሥር ሲገባ መንካቷ የሂሳብ ጉዳይ ነው። የሾፌር ችሎታ አያድናትም። ሁለት ሰው ማውረድ ግን ያድናታል።

የአፍንጫዋ ሌላ ነው፤ እሱ የአነዳድ ነገር አለበት። ፍሬን እንደተረገጠ ጉብታ ላይ የሚወጣ ሾፌር የፊቱን ሞላ አስጨንቆ አፍንጫዋን ራሱ ይደፋታል። ከጉብታው አስቀድሞ ፍጥነት ጨርሶ፣ ፍሬን ለቆ፣ በዝግታ መውጣት ነው። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ጠርዝ ላይ አፍንጫን አስቀድሞ መኪና ማቆም ደግሞ የፓራውልቱን የታች ከንፈር ይበላል፤ ወደ ኋላ ሲወጡ ጠርዙ ይይዘውና ከክሊፑ ይነቅለዋል።

ስትገዙ ተንበርክኮ ማየት ነውር የለውም። ዝቅ ያለውን ነገር ይፈልጉ፤ በነዳጅ መኪና የጭስ ማውጫው ማርሚታ ወይም የሞተሩ የታች መሸፈኛ፣ በኤሌክትሪክ መኪና የባትሪው ሳጥን ነው። ያገለገለች ኤሌክትሪክ ከሆነች ክሪክ ላይ አስነስቶ የባትሪው ታች የተጨፈለቀ ወይም የተላጠ መሆኑን ማየት ግዴታ ነው። ማርሚታ መለዋወጫ ገበያ ይገኛል፤ የባትሪ ሳጥን እንደዚያ አይገኝም።

«ትልቅ ቸርኬ መኪናዋን ያስነሳታል»

ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ለሚችል ይህ በአንድ ደቂቃ ይፈርሳል፤ የመጀመሪያው የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የግድግዳው ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ ከ«አር» በኋላ ያለው የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ለዲዛየር የሚሆነው 165/80 አር14 ሙሉ ቁመቱ 620 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 185/65 አር15 ደግሞ 621 ተኩል። ለሲጋል 165/65 አር15 ሲሆን 595 ተኩል፣ 175/55 አር16 ሲሆን 599 ይመጣል። ቸርኬው በአንድ ኢንች ሲያድግ መኪናዋ የምትነሳው የቁመቱን ልዩነት ግማሽ ነው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች።

የሚቀንሰው ግን የጎማው ግድግዳ ነው። 165/80 አር14 ላይ 132 ሚሊ ሜትር የሆነው ግድግዳ 175/55 አር16 ላይ 96 ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚያንገጫግጨው፣ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬው የሚጣመመው፣ ግድግዳው እንደ ዕንቁላል የሚያብጠው በዚህ ነው። ሲገዙ ባለ ትንሽ ቸርኬዋን መምረጥ፣ ከመግዛትም በፊት ያ መጠን ጎማ ቤቶች መኖሩን ጠይቆ ማረጋገጥ ይሻላል። ብዙዎቹ ትንንሽ ኤሌክትሪኮች ተቀያሪ ጎማ የላቸውም፤ የሚሰጠው መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው። ፈሳሹ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተቀደደ ግድግዳ ግን አይደፍንም።

«ኤሌክትሪኳ ዳገት አትችልም»

የአዲስ አበባ መሀል ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከኃይሉ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያጣል። በወረቀት 83 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1.2 ዲዛየር ቸርችል ጎዳናን የምትወጣው በ65 ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ የሲጋል 55 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ባሕር ዳርቻም እንጦጦም ያው ነው። እውነት ለመናገር ከዲዛየር ከ200 ኪሎ በላይ ስለምትከብድ ብልጫዋን እዚያው ትበላዋለች። ግን ጉልበቷ ከቆመችበት ጀምሮ ስላለ፣ ለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በተጨናነቀ መንገድ ስትወጣ ፍሪሲዮን የምታቃጥል እሷ አይደለችም። አውቶማቲክ የተደረገ ማንዋል ካምቢዮ ያላቸው የነዳጅ መኪናዎች ግን ዳገት ላይ በነዳጅ ፔዳል ተይዘው መቆም የለባቸውም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ።

ባትሪስ? ሰው ጭና 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና በየ100 ሜትር ከፍታ ወደ 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ታወጣለች። ወደ እንጦጦ 600 ሜትር ብትወጣ ለከፍታው ብቻ 2.3 ገደማ፤ ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከመቶ 8 ያህል። ስትወርድ ከዚያ ብዙው ይመለሳል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን መመለሻ የለውምና ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ዳገት ላይ የሚኖር ሰው 100 ሞልቶ ቁልቁለት መጀመር የለበትም፤ 90 ላይ ይንቀለው። ስለ ሲጋል «305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» የሚለው በቻይና መለኪያ የተገኘ ነው፤ አንድ አራተኛውን ቀንሶ ማቀድ ጤነኛ ነው።

«ላሜራዋ በአውራ ጣት ይጎዳል፤ እንዴት ታድናለች?»

የላዩ ላሜራ ልብስ ነው። የሚያድነው ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ምሰሶዎቹ፣ ቀበቶውና ኤርባጉ ናቸው፤ በአውራ ጣት የሚታይ አንዳቸውም የለም። የአንዱ አምራች የሱዙኪ ሁለት መኪናዎች ይበቃሉ፤ ለሕንድ ገበያ የተሠራችው ኤስ-ፕሬሶ እ.ኤ.አ. በ2020 በግሎባል ኤንካፕ ግጭት ፈተና ለአዋቂ ተሳፋሪ ዜሮ ኮከብ አገኘች፤ አዲሷ ዲዛየር በ2024 አምስት። ኮከቡ የሚመለከተው የተፈተነችዋን ዓይነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የገዢው ጥያቄ «ይህችኛዋ ስንት ኤርባግ አላት?» ይሁን።

«ኤሌክትሪክ ከሆነች ክረምት ጎርፍ ላይ ያበቃላታል»

ባትሪውና ገመዱ የተደፈኑ ናቸው። ጎርፍ ላይ ቶሎ የምትሞተው የነዳጇ ናት፤ አየር መሳቢያዋ ውሃ ከሳበ ቢየላ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይጣመማል። ሁለቱንም የጎማቸውን እኩሌታ የሚደርስ ውሃ ውስጥ አለማስገባት ነው። ውሃው የማይታይ ጉድጓድ እንደሸፈነ ግን መርሳት አይገባም።

«ስክሪኑ ትልቅ ነው፤ ሶኬት ላይ ሰክተህ ማደር ነው»

ስክሪኑ ቋንቋው ከቻይንኛ ይቀየር እንደሆነ ቆማችሁ አስቀይሩ። ሐምሌ ላይ መስታወት ሲጨልም ጉም ማጥፊያው በስንት ንክኪ እንደሚገኝም ቁጠሩ፤ ከሁለት ከበለጠ ዝናብ ውስጥ ዓይን ከመንገድ ይነሳል። የበር እጀታም እንደዚሁ ነው። ሱዙኪ የ2017ቷን ስዊፍት የኋላ እጀታ ለውበት ብሎ መስኮቱ ጎን ምሰሶ ላይ ሰቀለው፤ ልጆች አይደርሱበትም። በ2024ቷ ላይ ራሱ ወደ በሩ መለሰው።

ሶኬቱ ላይ ደግሞ፣ 220 ቮልት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ነው። የ30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 ወደ 80 ለማድረስ ከብክነቱ ጋር 9 ሰዓት ይፈጃል። ይህን ያህል ሰዓት ሳያቋርጥ 10 አምፔር የሚሸከመው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ከቆጣሪው ለብቻው የወጣና የመሬት መስመር ያለው ሽቦ ነው። ለአምፖል የተዘረጋው 1.5 እና የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ይግላሉ። በመጀመሪያው ምሽት ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅ ጀርባ መንካት ነው፤ ለብ ካለ ምንም አይደለም፣ እጅ ካስነሳ ግን ነቅሎ ኤሌክትሪሻን መጥራት ነው።