ባህላዊ ካንትሪ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው "ባህላዊ ካንትሪ"ን "ከኤሌክትሪክ መሣሪያ በፊት የነበረ፣ የአሜሪካ ገበሬ የሀገረሰብ ዘፈን" ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁ። ይህንን ትርጉም ስሰማ የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ላልፈው ነበር። ለምሳሌ ብሎ የጠራው አሜሪካዊውን የካንትሪ ዘፋኝ ሬይ ፕራይስን ሲሆን ግን አላስቻለኝም። እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ቤዝ የሚሠራውን ሥራ የቀየረው ይኸው ሰውዬ ነው።

ስህተቱ የሚነሳው "ባህላዊ" ከሚለው ቃል ይመስለኛል። ባህላዊ ዘፈን ሲባል እኛ የሚታየን ገጣሚው የማይታወቅ፣ ከአያት የወረደ፣ በማሲንቆና በክራር የሚታጀብ ነገር ነው። አሜሪካኖች ለእንዲህ ዓይነቱ ሌላ ስም አላቸው፤ ፎክ ይሉታል። ባህላዊ ካንትሪ የሚሉት ደራሲው የታወቀ፣ ለሸክላ የተቀዳ፣ ገበያ ላይ የዋለ ሙዚቃ ነው። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1940ዎቹና በ50ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ በተለይም ሆንኪ ቶንክ በሚባሉት የቴክሳስ መጠጥና ጭፈራ ቤቶች ነው። ጫጫታው ከባድ ነው፤ ጊታሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያንን ባህል ሊያበላሽ የመጣ ሳይሆን አብሮ የሠራው ነው። የካንትሪ መለያ የሆነው፣ እንደሚያለቅስ ሰው ድምፁን የሚጎትተው ፔዳል ስቲል የሚባለው ባለፔዳል ጊታር እንኳ በሰፊው መሰማት የጀመረው በ1954 ነው። የቅድመ አያቱ አገር ደግሞ ሃዋይ ነው።

ፕራይስ በ1926 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። የካንትሪ መዲና ወደሆነችው ናሽቪል ሲገባ ከዝነኛው የካንትሪ ዘፋኝ ከሃንክ ዊሊያምስ ጋር አንድ ቤት ኖሯል። ሃንክ በ1953 መጀመሪያ ቀን በ29 ዓመቱ ሲሞት፣ ፕራይስ የሟቹን ባንድ ይዞ ይዘፍን ጀመር። የዚያን ጊዜ ሸክላዎቹን ስታዳምጡ የሃንክ ጥላ ጎልቶ ይሰማል። እዚያው ቢቆይ ኖሮ ጎበዝ አስመሳይ ተብሎ ይቀር ነበር።

በ1956 "ክሬዚ አርምስ" ወጣ። ኤልቪስ አገሩን ባጥለቀለቀበት ዓመት ይህ ዘፈን በቢልቦርድ የካንትሪ ሠንጠረዥ ለ20 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቤዙን ለይታችሁ ስሙት። ከዚያ በፊት የተለመደው ከአራቱ ምቶች አንደኛውንና ሦስተኛውን ብቻ መምታት ነበር። እዚህ ግን ቤዙ አራቱንም ይረግጣል፤ ሰው ሲራመድ እንደሚሰማው ዓይነት። ድራሙ ከሥሩ እያንከባለለ ይከተላል። የናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ድራምን በጥርጣሬ በሚያይበት ዘመን ማለት ነው። ይህ አመታት "የሬይ ፕራይስ ሹፍል" የሚል ስም ወጣለት። እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ የምለውን ልድገም፦ ሹፍል በወረቀት ላይ አራት በአራት ተብሎ ቢጻፍም እያንዳንዱ ምት ውስጡ ለሦስት ይከፈላል፤ ለሁለት እኩል ከፍላችሁ ከተጫወታችሁት ይሞታል። ለሦስት መከፈሉን አይተው "ከኛ ጭክጭካ ጋር ዘመድ ነው" የሚሉም አሉ። አክሰንቱ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው፤ ዝምድናውም የለም።

ነገሩን በእርሾ ላስረዳ። እንጀራ የሚጋግር ሰው ካለፈው ቡሖ እርሾ ያስቀራል፤ ዱቄቱ ግን ሁሌም አዲስ ነው። ጤፍ ሲወደድ ማሽላ ወይም ገብስ ይቀላቀላል፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ያገኙትን ዱቄት ቀላቅለው ይጋግራሉ። እንጀራነቱን የሚጠብቀው እርሾው ነው። ፕራይስ ከሃንክ የወሰደው እርሾውን ነው፦ ግጥሙን ሳያስጌጥ እንደሚያወራ ሰው መናገሩን፣ ሐዘኑን ሳይሸፋፍን ማውጣቱን። ዱቄቱ የራሱ ነበር። ባንዱ ደግሞ ለሌሎች እርሾ አካፋይ ሆነ፤ በኋላ በራሳቸው ስም የታወቁት ዘፋኞች፣ ዊሊ ኔልሰን ቤዝ እየመታ፣ ሮጀር ሚለርም፣ ጆኒ ፔይቼክም በዚያው አልፈዋል። አንድ ነገር ግን አለ፤ የቤት እርሾ ከማን እንደመጣ ይታወቃል፣ የዘፋኝ ግን ከብዙ ቤት የተቀላቀለ ነው። የፕራይስ ተራማጅ ቤዝ ራሱ በጃዝና በቴክሳስ ስዊንግ ባንዶች ዘንድ ቀድሞ የነበረ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ያው ሰው "ፕራይስ በኋላ ባህላዊውን ከዳ" ብሏል። የሚያወራው በ1967 "ዳኒ ቦይ"ን በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅቦ ስለመቅዳቱ ነው። እርግጥ ነው የቀድሞ አድማጮቹ ተቆጥተዋል፤ የካውቦይ ልብሱን አውልቆ በሙሉ ልብስ መድረክ መውጣቱም አስከፍቷቸዋል። ግን ይታያችሁ፤ የክህደት መለኪያ ሆኖ የቀረበው የ1956ቱ ድምፅ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ያ አዲስ ነገር "ጥንታዊ" ሆኗል! "ባህላዊ" የሚለው ስም የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ናሽቪል በቫዮሊንና በኮረስ መለስለስ ሲጀምር ወደኋላ ዞረው ለቀደመው ያወጡለት ነው። ሆንኪ ቶንክ ውስጥ የሚጫወቱት ሰዎች ባህል እየጠበቅን ነው አላሉም፤ ሰው እያስጨፈሩ ነበር።

ደግሞስ ከኦርኬስትራው ፊት ቆሞ የሚዘፍነውን ድምፅ አድምጦታል? በ1970 በካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣውንና ግራሚ ያስገኘለትን፣ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን የደረሰውን "ፎር ዘ ጉድ ታይምስ" ይክፈት። ቫዮሊኖቹን በሐሳቡ ያውጣቸው። ቃሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚገባበት መንገድ ከሹፍሉ ዘመን ጋር አንድ ነው። እርግጥ እኔ ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ ያንን ዘፈን ስሰማ ሹፍሉ ይናፍቀኛል፤ ናፍቆት ግን ፍርድ አይደለም።

በ2007 ከዊሊ ኔልሰንና ከመርል ሃጋርድ ጋር አልበም ሲሠራ 81 ዓመቱ ነበር፤ እንደገና በሹፍልና በፊድል፣ ማለትም በካንትሪ ስልት በሚመታ ቫዮሊን። ያኔ ያ ሁሉ "ከዳ" ያለው ሰው የባህሉ ጠባቂ ብሎ አጨበጨበለት። ፕራይስ በታኅሣሥ 2013 በ87 ዓመቱ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመጨረሻ አልበሙ ላይ የኦርኬስትራው ቫዮሊኖች ተመልሰው አሉ።